የቆዳ ማቅለሚያ ፍሳሽን በኢንዛይም ማጥራት ይቻላል ወይ? (ከአዘዞ)

ቀበቶ_ሰሪው · እሁድ ማታ 2፡40

ጤና ይስጥልኝ የመድረኩ ሰዎች። ከአዘዞ ነኝ። ከሁለት ጓደኞቼ ጋር ቀበቶና ቦርሳ እንሠራለን። ጥሬ ቆዳ አናለፋም። በክሮም የለፋውን፣ ያንን ሰማያዊ እርጥብ ቆዳ እንገዛና በሚሞሳ ዱቄት (ከዛፍ ልጥ የሚወጣ ማልፊያ ነው) ደግመን እናለፋዋለን። ከዚያ ቀለምና ቅባት እናስገባለን።

ችግራችን ውሃው ነው። በሳምንት ሦስት አራት በርሜል ቡና የመሰለ ውሃ ይወጣል። ጉድጓድ ቆፍረን ነበር፤ ክረምት ሲገባ ሞልቶ ፈሰሰ። ከበታቻችን ያሉ እናቶች ልብስ የሚያጥቡበት ጅረት ቀለሙ ተቀየረ ብለው በራችን ላይ ቆሙ። እውነታቸውን ነው። ጅረቱ መገጭ ይገባል፣ መገጭ ደግሞ ጣና። ጣናን እምቦጩ አንሶት የእኛ ይጨመርበት?

አንድ ዕቃ አቅራቢ «ኢንዛይም አለ፣ አንድ ጀሪካን ከጨመራችሁ ውሃው ይጠጣል» አለን። ከፈልን። ጨመርን። ምንም። ጀሪካኑ ላይ ምን ዓይነት ኢንዛይም እንደሆነ እንኳ አልተጻፈም። ስንደውል መጀመሪያ «ታገሱ» አለን፤ አሁን ስልክም አያነሳም።

ራሴ ሳነብ ግን ኢንዛይም «አሮማቲክ» የሚባሉ በካዮችን ከፋብሪካ ፍሳሽ ያስወግዳል የሚል ነገር አገኘሁ። እውነት ነው? ለእኛ ዓይነቱስ ይሆናል?


ፒያሳ_ጥግ · እሁድ ማታ 2፡52

አሮማቲክ ከሆነማ ምን ቸገረህ፣ በጠርሙስ አሽገህ ሽቶ ነው ብለህ ሽጠው።


ባዮኬም_ማራኪ · እሁድ ማታ 4፡10

ፒያሳ፣ ቀልድህ ውስጥ እውነት አለ። ስሙ የመጣው ከሽታ ነው፤ መጀመሪያ ከታወቁት ብዙዎቹ መዓዛ ነበራቸው። ዛሬ ግን ኬሚስት አሮማቲክ ሲል የሚያወራው ስለ ቅርጽ ነው። ስድስት ካርቦኖች እጅ ለእጅ ተያይዘው ቀለበት ሲሠሩ ማለት ነው። ኬኩሌ የሚባል ጀርመናዊ ይህን ቀለበት ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ1865 ነው። የቤንዚን ቀለበት ይባላል። (ማደያ ከምንቀዳው ቤንዚን ጋር ስሙ ቢመሳሰልም አንድ ነገር አይደለም።)

ቀበቶ ሰሪው፣ አንተን የሚመለከትህ የዚህ ቀለበት አንዱ ዘመድ ነው፣ ፌኖል። ቀለበቱ ላይ አንድ ኦክስጅንና አንድ ሃይድሮጅን ተንጠልጥለውበታል። ሽታውን ታውቀዋለህ፤ ዴቶል ውስጥ ያለው መድኃኒት የዚሁ ቤተሰብ ነው። ሊስተር የሚባለው ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1867 ቁስል እንዳይመረቅዝ የሚያደርግ ዘዴ ብሎ ያሳተመው በፌኖል ነበር። ጀርም ይገድላል። ችግሩም እሱው ነው፤ ወንዝ ሲገባ ዓሣውንም፣ ቆሻሻ የሚያብላሉትንም ባክቴሪያዎች ይጎዳል። የመጠጥ ውሃ ውስጥ ገብቶ ክሎሪን ሲያገኘው ደግሞ ክሎሮፌኖል ይሆናል፤ በጣም በጥቂቱ እንኳ ውሃውን መድኃኒት መድኃኒት ያሰኘዋል።

ወደ ጥያቄህ ልምጣ። አዎ፣ እውነት ነው። እ.ኤ.አ. በ1980 ክሊባኖቭ የሚባል አሜሪካ ያለው የኤም.አይ.ቲ. ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር ሆኖ ፌኖልና አኒሊን (ሌላው የቀለበቱ ዘመድ) ያለበትን ውሃ ፐሮክሲዴዝ በሚባል ኢንዛይም ማጥራት እንደሚቻል አሳየ። በ1983 ደግሞ ከድንጋይ ከሰል ማቀነባበሪያ በወጣ እውነተኛ ፍሳሽ ላይ ሞከሩት። ኢንዛይሙ የሚወጣው ሆርስራዲሽ ከሚባል ሥራ ሥር ነው፤ እኛ ጋ የለም፣ የሰናፍጭ ዘመድ ነው፣ ያቃጥላል።

እንዲህ ነው የሚሠራው። ኢንዛይሙን እንደ ደላላ አስቡት። ሃይድሮጅን ፐሮክሳይድ ይቀበላል፣ በዚያ ጉልበት ከሁለት ፌኖሎች አንድ አንድ ኤሌክትሮን ይነጥቃል። የተነጠቁት ፌኖሎች ያብዳሉ። ራዲካል እንላቸዋለን። ያበደ ካበደ ጋር ይያያዛል፣ የተያያዙት እንደገና ይነጠቃሉ፣ እንደገና ይያያዛሉ። ሰንሰለቱ ሲረዝም ውሃ አልሸከም ይለዋል፣ ይዘቅጣል። ደላላው ግን ሁለቱን ወገን አገናኝቶ ወደ ሌላ ገበያ ይሄዳል፤ እሱ አያልቅም። ቢያንስ በወረቀት ላይ።


ቀበቶ_ሰሪው · እሁድ ማታ 4፡31

እህቴ እግዜር ይስጥልኝ። ታዲያ መርዙን በልቶ ያጠፋዋል ማለት ነው?


ባዮኬም_ማራኪ · እሁድ ማታ 4፡55

አይበላውም! ሻጮች የሚያሳስቱት እዚህ ላይ ነው። ባክቴሪያ ነው የሚበላው። ኢንዛይሙ ከውሃ ወደ ዝቃጭ ያዛውረዋል። ዝቃጩን አጥልለህ፣ አድርቀህ የሆነ ቦታ ማስቀመጥ አለብህ። መልሰህ ጅረት ዳር ከደፋኸው የተሠራ ሥራ የለም።

ደላላውም ቢሆን ዘላለማዊ አይደለም። ሦስት ነገር ይገድለዋል። ያበዱት ራዲካሎች ራሱ ላይ ይለጠፉበታል። የሚፈጠረው ዝቃጭ ይጠቀልለውና ይዞት ይወርዳል። ሦስተኛው ኮሚሽን ሲበዛበት ነው፤ ፐሮክሳይዱን በአንዴ ከደፋህበት ይሰክርና ሥራ ያቆማል። ስለዚህ ፐሮክሳይድ ጠብ ጠብ እያለ ነው የሚገባው። ፖሊኢትሊን ግላይኮል የሚባል ነገር ወይም ጄላቲን ከጨመርክ ደግሞ ዝቃጩ በእነሱ ላይ ይለጠፍና ኢንዛይሙ ይተርፋል።

አሮማቲክ ሁሉም እሺ እንደማይለውም እወቅ። ፌኖልና አኒሊን ይሸነፋሉ። ባዶ ቀለበቶቹን፣ ቤንዚንና ቶሉይንን፣ ፐሮክሲዴዝ አይነካቸውም። አንዳንድ እምቢተኛ ፌኖሎች ግን እሺ ከሚሉት ጋር ሲቀላቀሉ ተጎትተው ይወርዳሉ። እንደ ሰርግ አጃቢ።


ውሃ_ልክ · ሰኞ ጠዋት 1፡20

ደስ የሚል ማብራሪያ ነው። እኔ ግን የፍሳሽ ማጣሪያ ላይ ስሠራ የኖርኩ ሰው ነኝና ትንሽ ቀዝቃዛ ውሃ ልድፋበት።

አንደኛ፣ የሒሳቡን ነገር እንየው። አንድ ሜትር ኪዩብ ውሃ (አምስት በርሜል ገደማ) በሊትር 100 ሚሊግራም ፌኖል ቢኖረው፣ ጠቅላላው 100 ግራም ነው። አንድ ፌኖል በግርድፉ አንድ ፐሮክሳይድ ይፈልጋል እንበል። ወደ 36 ግራም ፐሮክሳይድ ይወጣዋል። ፋርማሲ በሚሸጠው 3 በመቶ ከሄድን 1.2 ሊትር ማለት ነው። ይህ አያስፈራም። የሚያስፈራው የተጣራው ኢንዛይም ዋጋ ነው። ዘዴው ከተገኘ ከ40 ዓመት በላይ ሆኖት እንደ ኖራና እንደ አየር መንፊያ በየፋብሪካው ያላየነው ለዚህ ይመስለኛል።

ሁለተኛ፣ እዚህ ላይ በደንብ አንብበኝ ወንድሜ። አንተ የምትገዛው ቆዳ በክሮም የለፋ ነው። ስታጥበውና ስታቀልመው የተወሰነ ክሮም ወደ ውሃው ይወጣል። ያ ክሮም 3 ነው፤ ከክሮም 6 አንጻር የዋህ ነው። ኖራ ጨምረህ ውሃው በጣም አልካላይ (የኮምጣጣ ተቃራኒ) በሆነበት ሰዓት ፐሮክሳይድ ከጨመርክ ግን ክሮም 3 ወደ ክሮም 6 ይለወጣል። ክሮም 6 ካንሰር አምጪ ነው። ኬሚስትሪ ላብራቶሪ ውስጥ ክሮም መኖሩን የሚያሳዩበት የታወቀ ሙከራ ነው፤ አረንጓዴው ውሃ ቢጫ ይሆናል። አንተ ጓሮ ውስጥ ያንን ሙከራ እንዳትሠራብን።

ስለዚህ መጀመሪያ ክሮሙን አውጣ። ውሃውን በኖራ ወደ ፒኤች (የኮምጣጣነት መለኪያ ነው፤ 7 መካከለኛ፣ ከዚያ በላይ አልካላይ) 8 ተኩል ገደማ ካደረስከው ክሮም 3 ራሱ ይዘቅጣል። ከላይ ያለውን ጥሩውን ቅዳ። ስለ ፐሮክሳይድ ማሰብ ያለብህ ከዚያ በኋላ ነው።

ያ ጀሪካን ምን እንደነበር መገመት እችላለሁ፤ ምናልባት የሽንት ቤት ጉድጓድ ማብላያ ነው። ቅባትና ምግብ ያብላላል፣ ፌኖል አያውቅም።


[አንድ አስተያየት በአወያይ ተሰርዟል። እባካችሁ የማትሠሩበትን ዕቃ እዚህ አትሽጡ።]


አልፊው · ሰኞ ማታ 1፡05

እንዴት ናችሁ ልጆች። እኔ ቆዳ አልፊ ነኝ፣ አባቴም አልፊ ነበር። የምጽፈው በልጄ ስልክ ነው። ኬሚስትሪ አልተማርኩም፤ አንድ ነገር ልጠይቅ ብቻ።

ይህ ኢንዛይም የምትሉት ከምንድን ነው የሚሠራው?


ባዮኬም_ማራኪ · ሰኞ ማታ 1፡30

ጋሼ እንኳን ደህና መጡ። ኢንዛይም ፕሮቲን ነው። ሥጋም፣ እንቁላል ነጩም፣ የእርስዎ ቆዳም ፕሮቲን እንደሆነው።


አልፊው · ሰኞ ማታ 1፡48

እንግዲህ ሚሞሳም ሆነ የኛ የዛፍ ልጥ ቆዳ የሚያለፋው ከቆዳው ጋር ተጣብቆ ስለሚቀር ነው። ልጁ ውሃው ውስጥ ሚሞሳ አለ ብሏል። ታዲያ ይህን ኢንዛይም እዚያ ስትከቱት እሱም አይለፋም?


ፒያሳ_ጥግ · ሰኞ ማታ 1፡50

ኦ! በቃ ክሩ ይዘጋ።


ባዮኬም_ማራኪ · ሰኞ ማታ 2፡25

ጋሼ፣ ቁጭ ብዬ ሳቅሁ፣ ከዚያ ደግሞ አፈርኩ። ልክ ነዎት። ሚሞሳ ውስጥ ያለው ታኒን ነው። ታኒን ብዙ የፌኖል ክንድ ያለው ትልቅ ሞለኪውል ነው፤ በሁሉም ክንዱ ፕሮቲን ያቅፋል። ቆዳ የሚለፋው፣ ያልበሰለ ሙዝ አፋችንን የሚያጨማድደውም በዚሁ ነው፤ የምራቃችንን ፕሮቲን ይዞ ይወርዳል። ኢንዛይሙንም እንደዚያው ሊያደርገው ይችላል። ፌኖል ብቻ ባለበት ውሃ የተሠራ ሙከራ ይህን አያሳይም። እኔም ያሰብኩት ያንን የንጹህ ውሃ ሙከራ ነበር።

ቀበቶ ሰሪው፣ ይህ ማለት አይሠራም ማለት አይደለም። ብዙ ኢንዛይም ይበላል ማለት ነው። ታኒኑ መጀመሪያ በርካሽ ፕሮቲን ካልጠገበ በስተቀር።


ቀበቶ_ሰሪው · ማክሰኞ ከሰዓት 9፡15

ጋሼ እግዜር ያክብርልኝ። ለማንኛውም ትናንት ማታ ድንች ልጬ ፈጭቼ፣ ከፀጉር ቤት ያመጣሁትን ፐሮክሳይድ ጨምሬበት ነበር፤ ድንች ውስጥም ኢንዛይሙ አለ የሚል አንብቤ። ቀን የሚያወጣ አረፋ ሠራ! ሠራ ማለት ነው አይደል?


ባዮኬም_ማራኪ · ማክሰኞ ማታ 2፡00

ድንች ውስጥ ፐሮክሲዴዝ አለ፣ ያነበብከው ልክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1994 ፔንሲልቬኒያ ውስጥ የተፈጨ ሆርስራዲሽ፣ ድንችና ነጭ ፍጅል እንዳለ ውሃ ውስጥ ጨምረው ፌኖል ያወጡ ተመራማሪዎች አሉ። ሐሳባቸው ኢንዛይሙን ማጣራት ካልተፈለገ ዋጋው ይወርዳል የሚል ነበር።

አረፋው ግን ሌላ ነው። አረፋው ካታሌዝ የሚባለው ኢንዛይም ሥራ ነው። ፐሮክሳይዱን ወደ ውሃና ኦክስጅን ይበትነዋል። ለደላላው የተላከውን ኮሚሽን መንገድ ላይ የሚበላ ሌባ በለው። ብዙ አረፋ ካየህ ፐሮክሳይድህ እየጠፋ ነው።

የተሻለ ላሳይህ። የአኩሪ አተር ገለፈት ውስጥ ጠንካራ ፐሮክሲዴዝ አለ። ከሆርስራዲሹ ይልቅ ሙቀት ይችላል፤ ገለፈቱ ደግሞ የሚጣል ነው። ሁለት ነገር ብቻ። የተቆላ እንዳይሆን፤ እዚህ ለሽሮም ለቆሎም የሚውለው አብዛኛው ተቆልቶ ነው፣ ያ ሞቷል። ሌላው፣ የአኩሪ አተር ዘር ሁሉ እኩል አይደለም፤ አንዳንዱ ዘር ገለፈቱ ላይ ኢንዛይሙ የለም ማለት ይቻላል። ጓያኮል የሚባል ኬሚካልና ፐሮክሳይድ ጠብ ሲደረግበት ቡናማ ቀይ ከሆነ አለው፣ ካልሆነ የለውም። ጓያኮሉን እኔ አገኝልሃለሁ።


እንጉዳይ_አብቃይ · ረቡዕ ጠዋት 3፡40

እኔ ኦይስተር እንጉዳይ አበቅላለሁ። አንዲት ተማሪ መጥታ ያለቀላቸውን ከረጢቶች ስጪኝ ብላኝ ነበር፣ «ላኬዝ» አለበት ብላ። ይሄ ነገር ከዚህ ጋር ይገናኛል?


ባዮኬም_ማራኪ · ረቡዕ ጠዋት 4፡30

በደንብ ይገናኛል። እንጨት የሚያበሰብሱ እንጉዳዮች የእንጨቱን ማጠንከሪያ ሊግኒንን ለማፍረስ ላኬዝ ያወጣሉ። ሊግኒን ራሱ የአሮማቲክ ቀለበቶች ክምር ነው። ላኬዝ መጀመሪያ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1883 ዮሺዳ በሚባል ጃፓናዊ፣ ዕቃ ከሚቀቡበት የዛፍ ሙጫ ውስጥ ነው። ትልቁ ጥቅሙ ፐሮክሳይድ አይጠይቅም፤ አየር ውስጥ ያለው ኦክስጅን ይበቃዋል። ጂንስ ሱሪ ለማደብዘዝም በፋብሪካ ይሠራበታል።

ለቀበቶ ሰሪው ደግሞ የክሮም 6 ስጋት ይቀንስለታል፣ ፐሮክሳይድ የለበትምና። ከረጢቶቹን አትጣያቸው እህቴ።


ውሃ_ልክ · ረቡዕ ማታ 1፡10

ቀበቶ ሰሪው፣ በርሜል ላይ ከመጀመርህ በፊት በጠርሙስ ሞክር። እና እባክህ፣ ምንም ያልተጨመረበት አንድ ጠርሙስ፣ ፐሮክሳይድ ሳይኖር ኢንዛይም ብቻ ያለበት ሌላ ጠርሙስ አስቀምጥ። አለበለዚያ ምን እንደሠራልህ አታውቅም። ሸብ ብቻ የገባበትም ይኑር። ሸብ ከገበያ የሚገኝ ርካሽ ነገር ነው፤ ኢንዛይምህ ከሸብ ካልበለጠ ለምን ትደክማለህ?

ጓንትና መነጽር አድርግ። የፀጉር ቤቱ ፐሮክሳይድ ያሳክካል፤ የፋብሪካው 35 በመቶ ግን ቆዳ ያቃጥላል፣ የራስህን ቆዳ ማለቴ ነው።


ቀበቶ_ሰሪው · ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ ቅዳሜ ከሰዓት 10፡00

ጠፋሁ፣ ይቅርታ። ሥራ በዝቶ ነው። ሙከራውን ግን ሠራሁ።

ውሃው በፒኤች ወረቀት 4 አለ። ኖራ ትንሽ ትንሽ እየጨመርኩ ወደ 8 ተኩል አደረስኩት፣ አንድ ሌሊት አደረ። ከታች አረንጓዴ ግራጫ ዝቃጭ ተኛ። ክሮሙ እሱ ይመስለኛል፤ በፌስታል ዘግቼ ለብቻው አስቀምጬዋለሁ። ከላይ ያለውን ቀድቼ፣ በኮምጣጤ ወደ 7 መልሼ፣ አምስት የማር ማሰሮ ውስጥ ከፋፈልኩት። ያልተቆላ የአኩሪ አተር ገለፈት ከመተማ ከሚመላለስ ዘመዴ አገኘሁ። በጓያኮል ሲፈተሽ ቡናማ ቀይ ሆነ፣ ኢንዛይም አለው። ገለፈቱን ውሃ ውስጥ አሳድሬ በነጠላ አጠለልኩት (ባለቤቴ ይህን እንዳታነብ)።

አንደኛው ማሰሮ ምንም ያልገባበት። እንደ ቡና ቆመ።

ሁለተኛው ሸብ ብቻ። በሁለት ሰዓት ውስጥ ቀጭን ሻይ መሰለ፣ ከታች ቡናማ አተላ።

ሦስተኛው የአኩሪ አተር ውሃና ፐሮክሳይድ፣ ጠብ ጠብ እያልኩ። ይባስ ብሎ ጠቆረ! ደነገጥኩ። ባዮኬም ስትደውልልኝ እንዲህ አለችኝ፦ የተላጠ ድንች ለምን ይጠቁራል? ፌኖሉ ኦክሲጅን ሲያገኝ ነው። ጥቁረቱ ሥራ መኖሩን ያሳያል፣ መዝቀጥ ግን አልቻለም። በማግሥቱ ግማሹ ወረደ።

አራተኛው መጀመሪያ የሱፐርማርኬት ጄላቲን በሙቅ ውሃ በጥብጬ፣ ከዚያ እንደ ሦስተኛው። ጄላቲኑ ገና ሲገባ ወተት የፈሰሰበት መሰለ፣ ወዲያው ወረደ። ከሁሉም የጠራው ይኼ ነው።

አምስተኛው ነው የሚገርመው። የአኩሪ አተር ውሃ ብቻ፣ ፐሮክሳይድ የለም። ምንም መሥራት አልነበረበትም አይደል? እሱም ደፈረሰና አተላ አወረደ። ገለፈቱ ውሃ ውስጥ ያለውን ፕሮቲን ሚሞሳው ያዘው። ጋሼ፣ እንዳሉት ኢንዛይሙ ለፋ።


ፒያሳ_ጥግ · ቅዳሜ ከሰዓት 10፡12

የኢንዛይም ቀበቶ መቼ ነው ገበያ የሚወጣው?


ውሃ_ልክ · ቅዳሜ ማታ 12፡45

ጎበዝ! አምስተኛውን ማሰሮ ስላልዘለልከው ብቻ አመሰግንሃለሁ። ያለ እሱ «ሦስተኛው ግማሽ አወረደ፣ ኢንዛይም ይሠራል» ብለህ ትጽፍ ነበር።


ባዮኬም_ማራኪ · ቅዳሜ ማታ 2፡20

እኔም ተምሬበታለሁ። አንድ ነገር ብቻ፣ ቀለም በዓይን ማየት ፌኖልን መለካት አይደለም። የሁለተኛውና የአራተኛው ውሃ እኩል ጠርቶ አንዱ ውስጥ ትናንሾቹ ፌኖሎች ሊቀሩ ይችላሉ። ሸብ ትልልቁን ታኒን ይዞ ይወርዳል፣ ትንሹን የሚሟሟ ፌኖል ግን አይዝም። ኢንዛይሙ የሚያስፈልግህ ካለ እዚያ ላይ ነው። 4-አሚኖአንቲፓይሪን የሚባል መለኪያ አለ፤ ፌኖል ካለ ቀይ ይሆናል። ከሁሉም ማሰሮ ትንሽ ትንሽ ጨለማ ጠርሙስ ውስጥ አስቀምጥልኝ፣ ፍሪጅ ይግባ። ሰኞ እወስደዋለሁ።


አልፊው · እሁድ ከቅዳሴ በኋላ 4፡30

ልጄ፣ ሁሉንም አነበብኩ። ደክመሃል። አንድ የቀረኝ ነገር አለ።

ለምንድን ነው የምትደፋው? እኛ የልጥ ውሃ አንደፋም ነበር። የደከመውን ውሃ ለአዲሱ ቆዳ ነው የምንሰጠው፣ አዲሱ ቆዳ ርቦታል፣ በደከመውም ይጠግባል። ጠንካራውን አዲስ ውሃ ደግሞ ሊያልቅ ለደረሰው ቆዳ። እንዲህ እያደረግን ጉድጓዱ የሚለቀቀው ጥቁር ውሃ ሳይሆን ግራጫ ውሃ ሲሆን ነው። ሚሞሳ ዛሬ በስንት ነው የምትገዙት?


ውሃ_ልክ · እሁድ ከሰዓት 8፡00

ጋሼ ይህን መጀመሪያ ቀን ቢጽፉልን እኮ ክሩ አምስት መስመር ይሆን ነበር!


አልፊው · እሁድ ከሰዓት 8፡40

ማን ጠየቀኝ። እናንተ ስለ ኢንዛይም ነበር የምታወሩት።


ቀበቶ_ሰሪው · እሁድ ማታ 1፡15

ጋሼ፣ ሚሞሳው በኪሎ ስንት እንደሆነ ብነግርዎት ይደነግጣሉ። የጎረቤት እናቶችን ዛሬ አነጋግሬያቸዋለሁ፣ ለጊዜው ሁሉንም በበርሜል ይዘን እናቆያለን ብያለሁ። አራት በርሜል ባዶ አለኝ። ቅዳሜ ገበያ ሲወጡ ወደ አዘዞ ብቅ ቢሉ፣ የትኛው ውሃ ለየትኛው ቆዳ እንደሚሄድ እጅዎን አስገብተው ቢያሳዩኝ? ቡና አለ።


አልፊው · እሁድ ማታ 1፡50

እሽ። በርሜሎቹን ቁጥር ጻፍባቸው። የአኩሪ አተሩንም አትጣለው፣ የመጨረሻው ግራጫ ውሃ ላይ ልጅቷ ትሞክረው።